18 ልጆች፣ አንድ ቤት፦ የ1968ቱ «ዩርስ፣ ማይን ኤንድ አወርስ» የቻለውን የ2005ቱ ለምን አልቻለም?

የቀበና ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የቆየ ኮሜዲ ነው። «ዩርስ፣ ማይን ኤንድ አወርስ» ይባላል። የወጣው በ1968 ነው። ስለ ፊልሞቹ ስጽፍ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ዋናዎቹ ተዋንያን ሉሲል ቦል እና ሄንሪ ፎንዳ ናቸው። ያዘጋጀው ሜልቪል ሻቨልሰን ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ፍራንክ ቤርድስሊ የባህር ኃይል ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ አሥር ልጆች አሉት። ሄለን ኖርዝ ነርስ ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ስምንት ልጆች አሏት። ይገናኛሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉ። 18 ልጅ አንድ ቤት ይገባል። በመጨረሻ የሁለቱ የጋራ ሕፃን ይወለድና 19 ይሆናሉ።

በ2005 እንደገና የተሠራውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ። ዴኒስ ኩዌድ እና ረኔ ሩሶ ያሉበት ነው፤ አዘጋጁ ራጃ ጎስኔል። ሁለቱን አከታትዬ አየኋቸው። የመጀመሪያው አሳቀኝ፣ አንዳንድ ቦታ ላይም እንባዬን አመጣው። ሁለተኛው ግን ቀለም ሲደፋና ሰው ሲንሸራተት አሳይቶኝ አለቀ።

ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የ1968ቱ ፊልም ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የሚያስቸግራቸው ኑሮው ራሱ ነው። መታጠቢያ ቤት አይበቃም። የትምህርት ቤት ምሳ ተቋጥሮ አያልቅም። ገበያ ሲወጡ ጋሪው ተራራ ይሆናል። ፍራንክ ቤቱን መርከብ ላይ በለመደው ደንብ ሊያስተዳድር ይነሳል። መኝታ ክፍሉ በፊደል፣ መታጠቢያ ቤቱ በቀለም፣ ልጁ በቁጥር ይመደባል። አንድ ፍሬ ልጅ ቁጥሩን፣ ቀለሙንና ፊደሉን እየደጋገመ ቦታውን ሲፈልግ ታያላችሁ። ያስቃል፤ ግን ልጁ የእውነት ግራ ገብቶታል። እዚያ ቤት ውስጥ የሱ ቦታ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ፊልሙ የሚያስቀን በዚህ እውነተኛ ጭንቀት ላይ ቆሞ ነው።

በ2005ቱ ልጆቹ ተማክረው ወላጆቻቸውን ለማለያየት ያሴራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀልድ በሙሉ የሴራው ቀልድ ነው። ኑሮው ተረሳ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ማርታ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

የእራቱን ትዕይንት ሳታነሳ እንዴት አለፍከው? ለእኔ ፊልሙ ማለት እሱ ነው።

ላላያችሁት፦ ሄለን ለመጀመሪያ ጊዜ ፍራንክ ቤት እራት ተጋብዛ ትመጣለች። ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች መጠጥ እንቅዳልሽ ይላሉ። ትንሽ ቮድካ ያለበት የብርቱካን ጭማቂ ነው የጠየቀችው። እነሱ ቮድካውን፣ ጂኑን፣ ውስኪውን አንድ ላይ ይገለብጡበታል። ሴትየዋ ምንም አላወቀች፤ ጠጣችው። ከዚያ ማዕድ ላይ አሥር ልጅ አፍጥጦ እያያት ሳቋ ይመጣል። መቆጣጠር አልቻለችም። ትስቃለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ይዞርባታል።

ሉሲል ቦልን የምናውቃት በቴሌቪዥን ኮሜዲዋ ነው። ፊቷንና እጇን ይዛ ታስቃለች። እዚህ ግን ሌላ ነገር አለ። ባሏን ቀብራ፣ ስምንት ልጆች ይዛ፣ ሥራ እየሠራች፣ አንድም ቀን ተንፈስ ሳትል የቆየች ሴት ናት። ያ ሁሉ ነው በአንድ ማዕድ ላይ የወጣው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ስቄ ስቄ፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ፍራንክም ነገሩ ሲገባው በእሷ አላፈረባትም። ልጆቹን ነው የተቆጣው።

እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት የ2005ቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ቶማስ ፒያሳ

ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ግን የ2005ቱን እንዲህ አትጣሉት። እኔ በልጅነቴ ያየሁት እሱን ነው፤ ሐያሲዎቹ ምን ያህል እንዳብጠለጠሉትም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ፊልም ውስጥ ፍራንክና ሄለን በወጣትነታቸው ይዋደዱ የነበሩ ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ግብዣ ላይ ይገናኛሉ፤ ወዲያው ይጋባሉ። ልጆቹን ማንም አልጠየቃቸውም። የፍራንክ ስምንት ልጆች በወታደር ሥርዓት ያደጉ ናቸው። የሄለን አሥሩ ደግሞ ነፃ ሆነው ያደጉ፤ ስድስቱም በማደጎ የመጡ ናቸው። አንድ ቀን ተነስታችሁ ኑ፣ ቤታችሁ ይሄ ነው፣ ወንድሞቻችሁ እነዚህ ናቸው ተባሉ። ታዲያ ለምን አያሴሩ? ልጅ ሌላ ምን ሥልጣን አለው?

የ1968ቱ የወላጆች ፊልም ነው። ተራኪዎቹ እንኳን ትልልቆቹ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከምስሉ በላይ እንሰማለን። የ2005ቱ ለልጆቹ ወገን ይቆማል። ቀለም መድፋቱ በዝቷል፤ እሱን እቀበላለሁ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

የቀበና ልጅ

ቶማስ፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን የ1968ቱም ልጆች እኮ አምጸዋል። መጠጡን ማን ቀላቀለው? ልዩነቱ፣ እዚያ ያ ነገር በአንድ ምሽት ይሆንና ዋጋው ወዲያው ይታያል። አንዲት ሴት ማዕድ ላይ ታለቅሳለች። ልጆቹም ያደረጉትን ዓይናቸው እያየ ነው። የ2005ቱ ውስጥ ልጆቹ ያን ሁሉ ሲያፈርሱ ማን ተጎዳ? እስከ መጨረሻው ድረስ ማንም አይታመምም።

ፍላጎታቸው ትክክል ነው ስትል ግን እስማማለሁ።

ዘቢባ

የእውነተኛው ቤተሰብ ታሪክ እንዳይረሳ። ፍራንክና ሄለን ቤርድስሊ በሕይወት የነበሩ ሰዎች ናቸው። የሄለን የመጀመሪያ ባል የባህር ኃይል አብራሪ ቡድን አባል ነበር። በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በዚያው ዓመት የፍራንክም ሚስት በስኳር በሽታ ምክንያት ሞተች። በ1961 መስከረም ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካርሜል ላይ ተጋቡ። ከዚያ ሁለት ልጆች ወለዱና ልጆቹ 20 ሆኑ። ፊልሙ አንድ ሕፃን ብቻ ነው ያሳየን።

ሄለን ታሪኩን በ1965 በመጽሐፍ አወጣችው። ፊልሙ የተነሳው ከዚያ መጽሐፍ ነው። ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የፍራንክን ትልቅ ልጅ ማይክን የሠራው ቲም ማቲሰን ነው። የሄለንን ትልቅ ልጅ ኮሊንን የሠራችው ጄኒፈር ሊክ ናት። ፊልሙ ውስጥ አንድ ቤት ገብተው ወንድምና እህት የሆኑት ሁለቱ፣ በዚያው በ1968 በእውነተኛው ሕይወት ተጋቡ። ጋብቻው ብዙ ዓመት አልቆየም።

ጌች

ሉሲል ቦል ፊልሙ ሲወጣ 56 ዓመቷ ነበር። ፎንዳ ደግሞ 63 ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። እርጉዝ ናት ሲሉኝ አላመንኩም። እውነተኛዋ ሄለን እኮ ስታገባ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ይሄ አልረበሻችሁም?

ማርታ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ጌች፣ እኔን መጀመሪያ አካባቢ ረበሸኝ፤ በኋላ ተውኩት። እንዲያውም ዕድሜያቸው አንድ ነገር ጨምሯል። የመጀመሪያ ቀጠሯቸው ላይ ሁለቱም ልጆቻቸውን ለመናገር ይፈራሉ። ስንት እንደሆኑ ቢሰማ ትሄዳለች፣ ይሄዳል ብለው ነው። ያንን ፍርሃት በሃያ ዓመት ተዋናይ ፊት ላይ አታገኘውም።

የእነ ሰላም እናት

ልጆቼ፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ስለ ፊልም ብዙም አላውቅም። ይሄንን ግን ከልጄ ጋር አይቼዋለሁ። የምናገረው ስላለኝ ነው የገባሁት።

ባለቤቴ ሲያርፍ ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ተዝካሩ እንኳን ሳይወጣ ሰዉ ምክሩን ጀመረ። ለልጆችሽ ኑሪላቸው፣ አሁን አንቺ ምን ቀረሽ ይሉኛል። ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤታችንን ደግሞ ቤት ያለ ሴት እንዴት ይሆናል እያሉ ያጣድፉት ነበር። ሐዘኑ አንድ ነው፤ ምክሩ ግን ለየቅል ነው። እኔ ሁለት ልጆች ያሉትን ሰው አገባሁ። አምስት ሆኑ። ስንት ሰው እንዳኮረፈኝ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

ፊልሙ ውስጥ ያለው የጫማው፣ የምግቡ፣ የመኝታው ነገር እውነት ነው። እኛ ቤት የመጀመሪያው ጠብ በእንጀራ ነው። የእኔ ልጆች የለመዱት ሌላ፣ የእሱ ልጆች የለመዱት ሌላ። የኔ ወጥ ለእነሱ በርበሬ ይበዛበታል። ትልቋ ልጅ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ትነሳ ነበር። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ግን አንድ የጎደለው ነገር አለ። ፊልሙ ስለ ሟቾቹ ብዙም አያወራም። መጀመሪያ ላይ ሞቱ ይባላል፤ ከዚያ ሠርጉና ሳቁ ነው። በእኛ ቤት ግን ሟቾቹ ነበሩ። ፎቷቸው ግድግዳው ላይ ነበር። የልጆቹ እናት ሙት ዓመት ሲደርስ ሰውዬው እንዴት እንደሚነግረኝ ጨንቆት ነበር። እኔ ቀድሜ ጠላውን ጠነሰስኩ። ድፎውን ጋገርኩ። ትልቋ ልጅ ያን ቀን ጓዳ መጥታ ልርዳሽ አለችኝ። ቤት ከገባሁ ወዲህ በራሷ ፈቃድ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር።

እነዚያ አሥርና ስምንት ልጆች እናታቸውንና አባታቸውን የሚያስታውሱበት አንድ ቀን ቢታይ ፊልሙ ይበልጥ ይጥመኝ ነበር።

የቀበና ልጅ

እትዬ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ስለ መታጠቢያ ቤትና ስለ ምሳ ሳወራ ይሄ አልታየኝም ነበር። እርስዎ ያሉት ትዕይንት ቢኖር ኮሜዲው የሚበላሽ አይመስለኝም። የእራቱ ትዕይንት ሳቅና ልቅሶን አንድ ላይ ከቻለ፣ ይሄንንም ይችል ነበር።

ባለ ሁለት አባት

እኔ ልናገር የምፈልገው ስለ ፊሊፕ ነው። ከሄለን ትንንሽ ልጆች አንዱ ነው። ትምህርት ቤት ስሙን ፊሊፕ ቤርድስሊ ብሎ ይጽፋል። መነኩሲት መምህሩ ሕጋዊ ስምህ ኖርዝ ነው ብላ ትከለክለዋለች። ልጁ ቤት መጥቶ ያዝናል። የጉዲፈቻው ነገር ከዚህ ነው የሚነሳው። ፍራንክ የሄለንን፣ ሄለን የፍራንክን ልጆች በሕግ ልጆቻቸው ያደርጉ ዘንድ። ትልልቆቹ ልጆች ግን ቅር ይላቸዋል። የሞተ አባታቸውን ስም መጣል፣ የሞተች እናታቸውን ቦታ መስጠት ይመስላቸዋል።

እኔ አባቴን በሕፃንነቴ አጣሁ። እናቴ ስታገባ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ያሳደገኝ የእንጀራ አባቴ ነው፤ እኔ አባቴ ነው የምለው። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ የእኔ ስም ከአባቴ ስም ጋር፣ የታናሽ ወንድሜ ከሱ ስም ጋር ይነበባል። ልጆች ወንድማማቾች ናችሁ፣ ታዲያ ለምን አባታችሁ ይለያያል ይሉናል። አንድ ቀን ማልቀስ ሲበዛብኝ በአንተ ስም ልጠራ አልኩት። እምቢ አለ። አባትህ የተወልህ ይሄንን ነው፣ አትጣለው አለኝ። እኔ የትም አልሄድም፣ ስምህ ምንም ቢሆን ልጄ ነህ አለኝ።

ስለዚህ ፊልሙን ሳይ ከፊሊፕም ጋር ነኝ፣ ከትልልቆቹም ጋር ነኝ። ትንሹ ልጅ መካተት ይፈልጋል። ትልቁ ልጅ ሟቹን መክዳት አይፈልግም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊልሙ ይሄን ነገር ሕፃኑ ሲወለድ ሁሉም በአንዴ ተስማምቶ እንዲያልቅ ማድረጉ ግን ቀሎበታል። እኔ ያንን ለማስታረቅ ዕድሜዬን ፈጅቶብኛል።

ማርታ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ አባትህ ትልቅ ሰው ነው። ዕድሜ ይስጠው።

እዚህ አሜሪካ የእኛ ሰው ሁሉ የፊሊፕን ችግር በሌላ በኩል ያውቀዋል። እናትና ልጅ የተለያየ ስም ነው ያላቸው። ባልና ሚስትም እንዲሁ። ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣ ስሄድ እናቱ መሆኔን አስረጂ እባላለሁ። ለእኛ ስም አንድ ቤት መሆንን አያሳይም፤ ከማን እንደተወለድን ነው የሚናገረው። ለእነሱ ደግሞ ስሙ ቤተሰቡ ነው። ለዚህ ነው ፊሊፕ እንደዚያ የተጎዳው።

ዳዊት ሕግ

ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ሙያዬ ነው።

በእኛ አገር በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍራንክ የሄለንን ልጅ በጉዲፈቻ ሊወስድ ይችላል። ይሄ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። በመደበኛው ባልና ሚስት ጉዲፈቻ የሚያደርጉት አንድ ላይ ነው። አንዱ የሌላውን ልጅ ሲወስድ ግን ለብቻው ይችላል። ሕጉ እንደነዚህ ያሉ ቤቶችን አስቦ ነው ያንን ያስቀመጠው። የጉዲፈቻ ስምምነቱ በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። ፍርድ ቤቱም ከማጽደቁ በፊት የልጁን ሐሳብ መስማት ይኖርበታል። ቶማስ ልጆቹን ማን ጠየቃቸው ላለው፣ ቢያንስ ወረቀቱ ላይ ይጠየቃሉ።

ለባለ ሁለት አባት ደግሞ ይሄን ልንገርህ። በእኛ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም። የፍራንክ ትልልቅ ልጆች የፈሩት ነገር፣ የሟቿ ልጅነታችን ይቀራል የሚለው፣ እዚህ ቢሆን በሕጉ መሠረት አይደርስባቸውም ነበር። ይሄን አንቀጽ ለደንበኛ ባስረዳሁ ቁጥር ፊቱ ሲፈታ አያለሁ።

ሌላ፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንደገና ለማግባት 180 ቀን መቆየት አለባት ይላል ሕጉ። የአባትነት ጥያቄ እንዳይነሳ ነው። እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ መጠበቅ የለባትም። ለወንዱ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። አዋጁ የፌዴራል ስለሆነ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሠራው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

የእነ ሰላም እናት

አቶ ዳዊት፣ ተባረኩ። ያኔ ይሄንን የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ስንቱን ዘመድ ዝም ባሰኘሁት።

ዘቢባ

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ካልተነሳ ውይይታችን ጎደሎ ይሆናል። ከእውነተኞቹ የኖርዝ ልጆች አንዱ ካደገ በኋላ የራሱን ማስታወሻ በመጽሐፍ አሳትሟል። እሱ የጻፈው ቤት ፊልሙ ካሳየን ቤት ጋር አይገናኝም። የእንጀራ አባቱ ጨካኝ እንደነበረ፣ ቤቱ በፍርሃት የተያዘ እንደነበረ ነው የሚናገረው። ሄለን በ2000 አርፋለች፤ ፍራንክ ደግሞ በ2012።

እኔ እዚያ ቤት አልነበርኩም። ልፈርድ አልችልም። ግን ያንን ካወቅኩ በኋላ የቁጥሩንና የቀለሙን ትዕይንት እንደ በፊቱ ማየት አቃተኝ። 18 ልጅ በቁጥር ሲጠራ ፊልሙ ላይ ቀልድ ነው። ልጁ ራሱ ሲያስታውሰውስ?

ቶማስ ፒያሳ

እኔም የምለው ይሄንን ነው። የ1968ቱን የጻፉት፣ የተረኩት፣ ያሳቁበት በሙሉ ትልልቆቹ ናቸው። መነሻው የእናትየዋ መጽሐፍ ነው። ልጁ ለመናገር ስንት ዓሥርት ዓመታት ጠበቀ። በእንዲህ ያለ ቤት ላይ ጥሩ ፊልም ገና አልተሠራም እላለሁ። የልጆቹን ወገን ከልቡ የያዘ፣ ግን እንደ 2005ቱ ቤት በማፍረስ ብቻ የማያልቅ።

ባለ ሁለት አባት

ዘቢባ፣ በማንሳትሽ ጥሩ አደረግሽ። ግን እኔ ፊልሙን አልጥለውም። በአንድ ቤት የተበደለ ልጅ አለ ማለት በሌላው ቤት የተወደደ ልጅ የለም ማለት አይደለም። እኔ ራሴ አለሁ። በቴሌቪዥናችን፣ በተረቱ፣ በየሰዉ አፍ የእንጀራ እናትና የእንጀራ አባት ሁልጊዜ ክፉ ናቸው። ልጅ ሆኜ ስሰማው እፈራ ነበር፤ አባቴም ይከፋው ነበር። ይሄ ፊልም ከዚያ ወጥቶ አንድ የእንጀራ አባት ለእንጀራ ልጁ ሲጨነቅ ያሳያል። እሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የቀበና ልጅ

እሱን ካነሳህ ኮሊን ያለችበት ቦታ ላይ ልምጣ። የፊልሙ ምርጥ ንግግር እዚያ ነው ያለው።

ሄለን ምጥ ይዟታል። ቤቱ ተተራምሷል። በዚህ መሀል ኮሊን ከጓደኛዋ ጋር ነገር አላት። ልጁ ፍቅርሽን አሳዪኝ እያለ ያስጨንቃታል። ፍራንክን ትጠይቀዋለች። የጠየቀችው የእንጀራ አባቷን እንደሆነ አስተውሉ። እሱም ሄለንን ወደ መኪናው እያወረደ ይመልስላታል። ፍቅር ማለት የሚታጠበው ሳህን ነው፣ የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ የጫማ ሰፊው ነው፣ በጀቱ ሲጠብ ርካሹን ሥጋ መግዛት ነው ይላታል። ከአንድ ሰው ጋር መተኛት ፍቅርን አያሳይም፤ ጠዋት ተነስቶ ያንን አሰልቺ ኑሮ አብሮ መጋፈጥ ነው የሚያሳየው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

ንግግሩ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቢባል ኖሮ ስብከት ይሆን ነበር። ግን ሴትየዋ እያቃሰተች ነው፣ ልጆቹ ይሯሯጣሉ፣ እሱ ቦርሳ ይዟል። የሚያወራለት ኑሮ ዙሪያውን እየጮኸ ነው። ለዚህ ነው ፊልሙ የቻለው የምለው።

ጌች

እሺ አሳመናችሁኝ፣ ዛሬ ማታ አየዋለሁ። ይሄንን የወደደ ሌላ ምን ይይ?

ዘቢባ

በዚያው በ1968 የወጣ «ዊዝ ሲክስ ዩ ጌት ኤግሮል» የሚባል አለ። ዶሪስ ዴይ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሏት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ብራያን ኪት አንዲት ሴት ልጅ ያለችው፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ያንቺ ቤት ወይስ የኔ ቤት የሚለው ነገር ያጣላቸዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መጨረሻው ግን ወደ ሩጫና ግርግር ይሄዳል። የዶሪስ ዴይ የመጨረሻ ፊልም እሱ ነው።

ከዚያ በ1969 «ዘ ብሬዲ በንች» በቴሌቪዥን ጀመረ። እስከ 1974 ቆየ። ፈጣሪው ሸርውድ ሽዋርትዝ ሐሳቡን ያገኘው ከፊልሙ በፊት ነው። የፊልሙ ገቢ ግን ጣቢያውን አደፋፈረው። እዚያ አባትየው ሚስቱ የሞተችበት ነው። የእናትየዋ የመጀመሪያ ባል ምን እንደሆነ ግን አይነገርም። ሽዋርትዝ የተፋታች ሊያደርጋት ፈልጎ ነበር፤ ጣቢያው አልወደደውም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሁለት የተሰበሩ ቤቶችን አንድ ለማድረግ ሞት ይቀለው ነበር፤ ፍቺ አፍ ላይ አይወጣም።

ዳዊት ሕግ

የመጨረሻውን ነገር ማንም አላነሳውም። ማይክ፣ የፍራንክ ትልቅ ልጅ፣ የባህር ኃይል እግረኛ ወታደር ሆኖ ይሄዳል። ቤተሰቡ በሙሉ ይሸኘዋል። ፊልሙ ለልጁ የጎልማሳነት መጀመሪያ አድርጎ በኩራት ነው የሚያሳየው። ግን 1968 ነው። የቬትናም ጦርነት በከፋበት ዓመት ነው ይሄ ልጅ የሚሄደው። ፊልሙ ስሙን አይጠራም። ያኔ ሲኒማ ቤት የተቀመጡት እናቶች ግን የት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ሄለን የመጀመሪያ ባሏን በውትድርና ሥራ ላይ ያጣች ሴት ናት። አሁን ደግሞ አሥራ ስምንት አንድ ላይ አድርጋ ካሳደገቻቸው ልጆች የመጀመሪያውን እዚያው ትልካለች።

የእነ ሰላም እናት

አቶ ዳዊት፣ እኔም እዚያ ላይ ነው የደነገጥኩት። ልጄ ምን ሆንሽ አለችኝ። እኛ የምናውቀው ሽኝት እንደዚያ ፈገግታ የለበትም።

ማርታ ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ከልጆቻችሁ ጋር ልታዩት ላሰባችሁ፦ አብዛኛው ለቤተሰብ የሚሆን ነው። የመጠጡ ትዕይንትና የኮሊን ጓደኛ ጉዳይ ላይ ግን አብራችሁ ተቀመጡ፤ ጥያቄ ይመጣል። የእኔ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የጠየቀው ግን ሌላ ነበር። ያ ትንሹ ልጅ ቁጥሩ ቢጠፋበት የት ይተኛል አለኝ።

ጌች

አይቼው መጣሁ። የእራቱን ትዕይንት ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ነገ የዶሪስ ዴይዋን አያለሁ፤ ክሩን አትዝጉት።